እማዬ በአበባው ግቢ ትጠብቀናለች

ወንድሜ ጫካ የሚወደው ስልኩ ውስጥ ሲሆን ነው። እዚያ ውስጥ ጭቃ የለም፣ እሾህ የለም፣ ሱሪ ውስጥ የሚገባ ጉንዳን የለም። እኔ ሚዛን ተፈሪ ነው የምኖረው። ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው ጫካ ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከጫካው ነው፤ ያጠብኩት ልብስ ሳይደርቅ የሚሸተውም በእሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ "እትዬ፣ ለጥር ቆንጆ የሃይኪንግ ፕሮግራም እያወጣሁ ነው" ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። አልዘጋሁትም። ታላቅ እህት ስልክ አትዘጋም፣ ታርራለች እንጂ።

ሃይኪንግ በእግር መሄድ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰባሰቡና አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገው የትም ሳይደርሱ ይመለሳሉ። እኛ ዘንድ በእግር የሚሄድ ሰው የሚደርስበት አለው፤ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጤና ጣቢያ። ይህን ስነግረው ሳቀ። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብጃለሽ" አለኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚሉት እኛን አይተው ይመስለኛል።

ነገሩ ግን ከእሱ አልተጀመረም። የተጀመረው ከእናታችን ነው፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

እናቴ ሸኮ ናት። የተወለደችው ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። አባታችን ከሰሜን ለማስተማር የመጣ ሰው ነበር። ካገባት በኋላ ከተማ አመጣት፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ሲሞት የተወላት አንድ ጫካ አላት። ጫካ የሰው ይሆናል ወይ የሚል አይጠፋም። ይሆናል። በእነሱ አገር ትልልቆቹ ዛፎች ባለቤት አላቸው። ቀፎ የሚሰቅልባቸው ሰው ይታወቃል፤ ከሥራቸው ኮረሪማና የጫካ ቡና የሚለቅመውም ይታወቃል። ወረቀት የለም። ወሰኑን የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው። ባለቤቱ ማርጀቱ ሲታወቀው ከላይና ከታች የሚያዋስኑትን ሰዎችና ከቤተሰብ አንድ ምስክር ይጠራል፤ በትልቁ ዛፍ ሥር ይቆማል፤ እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ "ከእኔ በኋላ የእገሌ ነው" ይላል። በቃ፣ የእገሌ ሆነ። ይህን ሳያደርግ ከሞተ ግን ጫካው ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል፤ ቀድሞ የገባ ይወስደዋል።

አያቴ ወንዶች ልጆች እያሉት ያን ዛፍ ይዞ የጠራው የእናቴን ስም ነው። ያስታመመችው እሷ ነበረች። ይህን ታሪክ እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች፤ እግሯን ሳሽላት፣ መድኃኒቷን ስሰጣት፣ ጸጉሯን ስሠራት። እኔም ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር ከላይ በኩል የሚያዋስኗት ሽማግሌ መልእክት ላኩባት። መታመማቸውን፣ ወሰኑን ከእሳቸው ሌላ በትክክል የሚያሳይ ሰው እንደሌለ፣ ሳይመሽባቸው እንድትመጣ። ከታች በኩል ያለው ጎረቤት ደግሞ በየዓመቱ የቡና ችግኝ እየተከለ ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እናቴ መልእክቱን እንደሰማች ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ "ይሄ እግር ሳይዘጋ ውሰጂኝ" አለችኝ።

ለማን እንደምትሰጠው አልጠየቅኋትም። የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

የተሳሳትኩት ለወንድሜ በመንገሬ ነው። ልጇ ነው፣ ይወቅ አልኩ። በነጋታው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተ። እኔን አስገባኝ፤ ሚስቱን፣ አብረውት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄዱ ጓደኞቹንም አስገባ። እናቴ ስልኳ በቁልፍ የሚሠራ ስለሆነ አልገባችም። የግሩፑ ሥዕል በጭጋግ የተሸፈነ ደን ነበር፤ የእኛ አገር እንዳልሆነ ዛፉን አይቼ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ አላርፍ አለ። ክፍል ውስጥ አማርኛ እያስተማርኩ ኪሴ ይንቀጠቀጣል። ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል? ዝናብ ይኖራል ወይ? በጥር ሚዛን ላይ ዝናብ ይኖራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል? አንዱ እባብ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። "አለ" ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ ወዲያው በግል "እትዬ፣ ሰው አታስፈራሪብኝ" ሲል ላከልኝ። ሚስቱ ስለ ምሳው ድምፅ ቀድታ ላከች፤ ዳቦ በእንቁላል፣ አቮካዶ፣ ፍራፍሬ። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ዕቅዱ ሲጠናቀቅ እንዲህ ሆነ። በላይኛው መንደር በኩል ይገባሉ። ወንድሜ "ጥንታዊው ደን" ብሎ በጻፈው ጫካ ውስጥ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ከዚያ ቁልቁል ወርደው በቡና እርሻው የእንግዳ ማረፊያ በኩል ይወጣሉ። ማረፊያው ድሮ የእርሻው ሹማምንት ያሠሩት ነው፤ ትልቅ የአበባ ግቢ አለው። ምሳ እዚያ ይበላል፣ ፎቶ እዚያ ይነሣል። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ "እማዬ በአበባው ግቢ ትጠብቀናለች። ጥላ አለ፣ ወንበርም አለ።"

ሰዎቹ ከሥሩ በልብ ላይ ልብ ደረደሩበት። እኔ ደወልኩ።

"ጉዞው የማን ነው?" አልኩት።

"እንዴት የማን ነው?"

"መጀመሪያ ልሂድ ያለችው ማን ናት?"

"እትዬ፣ ጉልበቷን እያወቅሽ? እኛ እንኳን ይከብደናል ብለን እየተለማመድን ነው።"

"ጉልበቷን አንተ ነህ የምትነግረኝ?"

 በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ ከቢሮ ስብሰባ የተማረው ይመስለኛል፣ "ብትወድቅስ? ማን ይጠየቃል?" አለኝ።

"እኔ። መቼ ሌላ ሰው ተጠይቆ ያውቃል?"

"እሺ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ" አለ። "ሽማግሌዎቹን ለምን ወደ ግቢው አንጠራቸውም? ጠረጴዛ አለ። እማዬ ቁጭ ብላ የምትለውን ትላለች፤ እኔ በቪዲዮ እቀዳለሁ፤ ከፈለጉ ይፈርማሉ። ሥርዓት ያለው ነገር ይሆናል።"

"ዛፉንም ነቅለን እናምጣላት?"

"አየሽ፣ ካንቺ ጋር መነጋገር አይቻልም።"

እውነቱን ነው፣ አይቻልም። በዚያ ቀን ከማንም ጋር የሚቻለኝ አልነበረም። ደግነቱ ነበር ያቃጠለኝ። ጨክኖ "አትሄድም" ቢል እጣላው ነበር፤ እሱ ግን ጥላ ፈልጎላት፣ ወንበር ፈልጎላት፣ ከራሷ ጉዞ አስወጣት። ለእናቱ እንደ ዕቃ የምትቀመጥበት ቦታ ያገኘላትን ልጅ ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? ስድብ አላገኘሁለትም። ይህም ሌላ ንዴት ሆነ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። ብርድ ልብስ ለብሰው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸውን ስሜ ዕቅዱን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ ስለ አበባው ግቢ ስነግራቸው ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ነገር ወጣቸው።

"የአበባው ግቢ ጀርባ የት ይመስልሻል?" አሉኝ። "አጥሩን አልፈሽ ከወረድሽ ወንዙ ነው። ወንዙን ከተሻገርሽ የእናትሽ ወሰን ነው። እነሱ ሰፈሩን ዞረው ነው የሚመጡት።"

"እስከ ወንዙ ሞተር ይሄዳል?"

"ይሄዳል። ከወንዙ ወዲያ በእግር ነው። ዳገት አለው።"

"ትወጣዋለች፣ አባባ?"

"ለምን እንደምትመጣ ታውቃለች አይደል?" አሉ። "እንግዲህ ትወጣዋለች። እኔ እዚያ እጠብቃታለሁ። የታችኛውንም ሰውዬ አስጠራዋለሁ፤ ባይወድም ይመጣል።"

ማታ እናቴን ምን ላይ ሆና ብትሄድ እንደምትወድ ጠየቅኋት። ሰው ለምኜ በቃሬዛ ላስይዛት እንደምችል ነገርኳት። ተቆጣች፤ "ሬሳ ነኝ?" አለች። ሞተር ስላት ግን ቀና አለች። "ከኋላ ቁጭ ብዬ?" አለችና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ለወንድሜ እንዳትነግረው ስላት ሳቋ ቆመ። "ለምን እደብቀዋለሁ?" አለች። ከነገርሽው ይከለክልሻል አልኳት። አልነገረችውም።

ግሩፑ ላይ "እሺ፣ እኔ ከእማዬ ጋር ግቢው ውስጥ እጠብቃለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ ሁለት የተገናኙ እጆች ላከልኝ። ዝም አይነቅዝም።

ወንድሜ ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት ሚስቱን ይዞ ደረሰ፤ ጓደኞቹ ሆቴል ያዙ። በር ላይ እናቴን አቅፎ ከመሬት አነሣት። ገና ከደጃፉ ሳያልፍ "መቼ ነው የምትሄደው?" አለችው። "እማዬ ደግሞ፣ ገና መምጣቴ ነው" አላት። "እሑድ ማለዳ።" እናቴ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ጉልበቷ ከቀትር ጀምራ ምድጃ ሥር ነበረች፤ ጎደሬ ቀቅላለች፣ ዶሮ ሠርታለች፣ ከአገሯ ሰው የላከላትን ማር አውጥታለች። እኔ ላግዝሽ ስላት በእጇ ገፍታኛለች። ለእኔ ለመጨረሻ ጊዜ ምን እንዳበሰለችልኝ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እሱ ዶሮዋን በላ። ጎደሬውን "ይህ እኮ ሆዴን ይከብደዋል" ብሎ ገፋ አደረገው። እናቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ እሷ በላችው።

አዲስ የመሄጃ ዘንግ አምጥቶላት ነበር፤ ቀላል፣ የሚታጠፍ፣ ጫፉ ጎማ። "ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትይ" አላት። ሚስቱ ለእኔ ኮፍያ ሰጠችኝ። አመሰገንኳት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እንዳልባል ነው እንጂ ኮፍያውን ምን ባደርገው ደስ እንደሚለኝ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሁለት መኪና ሄድን። የአበባው ግቢ ወንድሜ እንዳለው ነው፤ ውሸት አልተናገረም። ሣሩ ተስተካክሎ ታጭዷል። አጥሩ ቁጥቋጦ ነው፣ በመቀስ የተከረከመ፣ ከላዩ ሻይ ሊቀመጥበት የሚችል። ጽጌረዳው በየቀለሙ ተሰልፏል፤ ቡገንቪሊያው በረንዳው ላይ ወጥቷል። "ሣር መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ አለ። እኔ ያን ሁሉ አበባ ሳይ የሚታየኝ ለእሱ ሲባል የተቆረጠው ዛፍ ነው። ጠባዬ ነው፣ አልክደውም። ከአጥሩ ማዶ ጫካው ጠቁሮ ቆሟል፤ በወዲህ በኩል አንድ ሰው ቱቦ ይዞ ጽጌረዳ ያጠጣል፣ ዝናብ በማያቆም አገር።

ወንድሜ ለእናቴ ጥላ መርጦ ወንበር አስቀመጠላት፤ ትራስ ከጀርባዋ አደረገ፣ ውኃ በቀኝ እጇ በኩል አኖረ። ግንባሯን ሳማት። "አትንቀሳቀሺ፤ ምሳ ሰዓት ላይ እንመጣለን" አላት። ከመንደሩ ያገኙትን መንገድ መሪ ፊት አስቀምጠው፣ በዚያ አንድ ዓይነት ኮፍያቸው በሁለቱ መኪና ወደ ላይኛው መንደር ሄዱ። እናቴ መኪናዎቹ እስኪጠፉ አየች።

"እዚህ ግቢ ገብቼ አላውቅም" አለችኝ። "ልጅ ሆኜ ቡና ስለቅም በዚያ አጥር ቀዳዳ እናይ ነበር።"

"ቆንጆ ነው?"

ዙሪያውን ተመለከተች። "የሚበላ የለውም" አለች። ከዚያ ዘንጓን ይዛ ተነሣች።

አስቀድሜ የቀጠርኳቸው ሁለት ሞተሮች ከበሩ ውጭ ቆመው ነበር። ዘበኛው የት እንደምንሄድ ጠየቀኝ፤ "ሽንት ቤት" አልኩት። እናቴ ከሞተረኛው ጀርባ በጎን ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ትከሻውን ጨበጠች። በዚያ በተቦረቦረ መንገድ እንዴት እንዳልወደቀች እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ከኋላ ሆኜ በየጉድጓዱ ነፍሴ ትወጣለች፤ እሷ ግን ወንዙ ጋ ስንደርስ ስትወርድ ፊቷ በርቷል። ወንዙን በድንጋይ ላይ እየረገጥን፣ ሞተረኞቹ በግራና በቀኝ ይዘዋት ተሻገርን። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ድረስ ረጠበ።

ዳገቱን የወጣችው በሦስት ነገር ነው፤ በዘንጉ፣ በእኔ ትከሻና በግትርነቷ። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች። በቆመች ቁጥር እንመለስ እንዳልላት በዓይኗ ትከለክለኛለች። ጫካው ውስጥ ቀዝቅዟል። ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ እያወዛወዙ ተሸጋገሩ፤ ከታች የኮረሪማው ቅጠል ቀሚሳችንን ይጠርጋል። እኔ እዚያ ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር መጥቻለሁ፤ ከዚያም በኋላ ማር ሲቆረጥ፣ ቡና ሲለቀም፣ እናቴ ስትልከኝ ብዙ ጊዜ መጥቻለሁ። የትኛው ዛፍ የት እንደቆመ አውቃለሁ። እየወጣን ሳለ ለራሴ፣ የታችኛውን ጎረቤት ችግኝ አስነቅላለሁ፣ ቀፎዎቹን አሳድሳለሁ፣ ለወንዙ መሻገሪያ ግንድ አስጥላለሁ እያልኩ ነበር። ሰው ሳይጠየቅ ያቅዳል፤ ለካ ወንድሜ ብቻ አይደለም።

ትልቁ ዛፍ ቀረሮ ነው። አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቢያቅፈው እንኳ የሚበቃው አይመስለኝም፤ ቀና ስትል ጫፉ አይታይም። ሽማግሌው በብርድ ልብሳቸው ተጠቅልለው ሥሩ ላይ ተቀምጠዋል። የታችኛው ጎረቤት ጠና ያለ ሰው ነው፤ ገጀራውን መሬት ላይ ተክሎ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሰላምታው ቀዝቃዛ ነበር፤ የእኔም አልሞቀም። እናቴና ሽማግሌው በሸኮ ቋንቋ ብዙ ተባባሉ። የሞቱትን ጠሩ። ከዚያ ሽማግሌው ወሰኑን መናገር ጀመሩ፤ ከላይ እስከ የት፣ ከታች እስከ የት። የታችኛው ጎረቤት ችግኝ የተከለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩት። እሱ ጎንበስ አለ። "የእሷ ነው" አለ፣ በጥርሱ መካከል።

እናቴ ዘንጓን ለእኔ አቀበለችኝና ወደ ግንዱ ተጠጋች። እጇን አሳረፈችበት። ትንሽ እጅ ናት፤ ግንዱ ላይ ቅጠል የወደቀበት ይመስል ነበር። 

"ከቤተሰብ ምስክሩ ማነው?" አሉ ሽማግሌው። ሞተርና ዳገት ሳቅድ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

እናቴ ሳትዞር በሌላው እጇ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሷ ናት" አለች።

ምስክር አይወርስም። ይህን እዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። በጫካው የሚጠቀም ሰው ስለ ጫካው አይመሰክርም። ወዲያው ነው የገባኝ፤ እንዳልሰማ የምሆንበት ጊዜ እንኳ አልሰጠችኝም። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራች። በግልጽ ጠራችው፣ በሙሉ ስሙ፣ ከነአባታችን ስም።

በእናቴ ላይ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ወንድሜን እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት የት እንዳለ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር ቆሞ ጥርሱን እያሳየ ፎቶ እንደሚነሣ አሰብኩ። እግሯን ያሸሁባቸው ሌሊቶች መጡብኝ። ደግሜ ደግሜ የሰማሁት ያ የአያቴ ታሪክ መጣብኝ። ለምን ነገረችኝ? ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ነበር የምትነግረኝ? የታችኛው ጎረቤት አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ያ ሰው፣ የእናቴን መሬት የሚገፋው ሰው፣ አዘነልኝ። ከሁሉ የባሰው እሱ ነው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ትመሰክሪያለሽ?" አሉኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ያለ ቤተሰብ ምስክር ነገሩ አይጸናም። እናቴ ያን ዳገት ሁለተኛ አትወጣውም፤ ሽማግሌው ለከርሞ አይኖሩም። እምቢ ካልኩ ጫካው የማንም አይሆንም፤ በየዓመቱ ችግኝ በችግኝ ያልቃል። ሁሉም ይጠብቁኛል። እናቴ ብቻ አታየኝም፤ እጇ አሁንም ግንዱ ላይ ነው፣ እስክመልስ ድረስም አላነሣችውም።

"እመሰክራለሁ" አልኩ።

ሽማግሌው እንድደግመው ጠየቁኝ። ወሰኑን ከላይ እስከ ታች፣ ወራሹን በስሙ። ደገምኩት። ድምፄ ከሰውነቴ ውጭ የሆነ ይመስል ነበር፤ ግን አንድም ቦታ አልሳትኩም።

ስንወርድ ወንዙ ጋ በትከሻዬ ተደገፈች፤ ያዝኳት። ለምን ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብጠይቃት ትመልስልኛለች ብዬ ፈራሁ።

ግቢው ስንደርስ ዘበኛው ረጅም ጊዜ አየን። እናቴን ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ትራሷን አስተካከልኩላት፤ ውኃ ሰጠኋት። እጄ ይሠራል፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ጽጌረዳ የሚያጠጣው ሰውዬ ቱቦውን ጠቅልሎ ሄዷል።

እነ ወንድሜ ዘግይተው ደረሱ። ጭቃ ለብሰው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እያወሩ። ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ ክልክል በተባለው ሣር ላይ ተዘረጋች። "እትዬ፣ ጉድ ነው ያመለጠሽ!" አለኝ ወንድሜ። "እንዲህ ያለ ደን በዓለም ላይ የለም። እማዬ፣ እንዲህ ያለ አገር ደብቀሽን ነበር?" ሊስማት ጎንበስ ሲል ቀሚሷን አየ። እስከ ጉልበቷ ድረስ እርጥብ፣ ጠርዙ ጭቃ።

"ምን ሆነሽ ነው? ወደቅሽ?" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ፤ "እትዬ፣ የት ወስደሻት ነው?"

"ሄጄ ነበር" አለችው እናቴ። "ዛፉን ይዤ ስምህን ጠርቻለሁ። ጎረቤት ሰምቷል፣ እህትህ መስክራለች። ያንተ ነው።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። እኔን አየኝ፣ እንዳስተባብል የሚጠብቅ ይመስል። አላስተባበልኩም።

"እኔ?" አላት። "እማዬ፣ እኔ አዲስ አበባ የምኖር ሰው ጫካ ምን ላድርገው?"

"እንድትመጣ ነው" አለችው። እጁን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ አጠገቧ ቆሜ የውኃውን ብርጭቆ ይዤላታለሁ፤ ወደ እኔ ሳትዞር ጨመረችለት።

"እሷማ እዚሁ አለች።"